ክርን በዝክር ገበታ ላይ

«ምንም አትሠራም፤ ጡረተኛ ናት።»

ድምፁ የገዛ ልጇ የባኔ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የስታሜንካ አልጋ ደግሞ ከበሩ ቀጥሎ ስለሆነ ኮሪደር ላይ የሚወራውን ሁሉ ትሰማለች። ሦስት ቀን ሙሉ ስትሰማ የቆየችው የሌሎችን በሽታ ነበር። ዛሬ ተራው የእሷ ሆነና ወጣቱ ተረኛ ሐኪም ስለ እሷ ጠየቀ፣ ልጇ መለሰ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገና፣ እንግዲያው በስልሳ ስድስት ዓመት ዕድሜ ቢላ ሥር ማስገባቱ ብዙም አያዋጣም፤ ዛሬ ትውጣ፣ ሰኞ ተመልሳ ሙሉ ጄሶ ይደረግላት፣ ስድስት ሳምንት ትታገሥ አለ። ክርኗ መድረቁ አይቀርም፤ ቢሆንም ማንኪያ ትይዛለች፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ትይዛለች፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋታል? ባኔም «ልክ ነው ዶክተር» አለ። የቤት ኪራይ የተስማማ ሰው እንኳ ከዚህ ረዘም አድርጎ ያስብ ነበር።

ስታሜንካ ጣራውን እያየች «ምንም» የምትለዋን ቃል አላመጠቻት። ከሃያ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ ኒሽ ከተማ ውስጥ፣ ግቢዋ ጓሮ ባለችው ክፍል፣ አይብ ወይም ሥጋ ተጠቅልሎበት የሚጋገረውን የቡሬክ ሊጥ ትዘረጋለች። ከዘይትና ከዱቄት የተለወሰውን ድቡልቡል ሁለት ሜትር ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ሁለት እጇን ከሥሩ ሰዳ፣ አንዴ በእጇ ጀርባ አንዴ በመዳፏ እያነሳች፣ እየጎተተች፣ እየዞረች፣ ጋዜጣ ከሥሩ ቢነጠፍ በላዩ እስኪነበብ ድረስ ታሳሳዋለች። ሦስት ምግብ ቤትና አንድ ዳቦ ቤት የሚጋግሩት የእሷን ሊጥ ነው። ባኔ ራሱ ድኾ ያደገው በዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ፀጉሩ ላይ ዱቄት እየተበተነበት ሦስት ዓመት እስኪሞላው ሽበታም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሊጥ የተደረደረበትን ትሪ ይዛ ስትወጣ ደረጃው ላይ ውርጭ አዳለጣት። ትሪውን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ አዳነችው፤ ቀኝ እጇ መላ ሰውነቷን ተቀበለ። ጎረቤት ሲደርስ ክርኗ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ሊጡ ግን አንድም አልተቀደደም።

በዚያው ቀን የወለቀውን መልሰው አስገብተው፣ ከጀርባ ግማሽ ጄሶ ደግፈው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስተኟት። ሁለት ቦታ ደግሞ ተሰብሯል አሏት። የተሰበረው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግ የነገራት የለም። የሚነግሩት ለባኔ ነው። ስታሜንካ ክርኗ ልጇ ላይ የተገጠመ እየመሰላት መጥቷል።

ባኔ መውጫ ወረቀት ሊያስፈርም ወደ ታች ሲወርድ፣ ወለል የምታጸዳው ቦሳ መወልወያዋን ይዛ ገባች። ቦሳ እዚህ ሆስፒታል ሃያ ስድስት ዓመት ወልውላለች፤ ከወለሉ ያነሳችው ወሬ ካነሳችው ካልሲና ጥጥ ይበልጣል።

«ሰማሽ አይደል?» አለች ቦሳ።

«ጆሮዬ አልተሰበረም።»

«ይሄ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ክርን አያውቅም። ክርን የሚያውቀው ዶክተር ራድሚሎ ነው። ከቤልግሬድ ሳይቀር ይመጡበታል።»

«ታዲያ የታለ ዶክተር ራድሚሎሽ?»

«ዛሬ አይገባም። ሚካኤሉ ነዋ! ቤቱ ይዘክራል።» ቦሳ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገና ከነገ ወዲያ ደግሞ እረፍት ነው። ሰኞ እሱ ሲገባ አንቺን ጄሶ ውስጥ ከተውሽ ጨርሰዋል። ጄሶ ከገባሽ ማን ያይሻል?»

ስታሜንካ በግራ እጇ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ከዚያ፣ «ቤቱ የት ነው?» አለች።

ቦሳ በመጀመሪያ አልሰማችም መሰለች፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈነዳች። ማንም ሰው በዚህ አገር በሚካኤል ቀን ሰው አይጠራም። ለዝክር ጥሪ የለም፤ ያስታወሰ ይመጣል፣ የመጣም ይገባል፣ የገባን ደግሞ አባወራው ቆሞ ያስተናግዳል። ማን ነህ ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት አያይም ይባላል። ይህን ቦሳም ታውቃለች፣ ስታሜንካም ታውቃለች። ቦሳ መንገዱን ነገረቻት፤ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ። ልብሷንም አለበሰቻት፤ ካፖርቷን በቀኝ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በመርፌ ቁልፍ ያዘችላት። ራጁ የተቀዳበትን ሲዲ ከኮሞዲኖው መሳቢያ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከትም፣ «እኔ አልነገርኩሽም» አለች።

«ማንም አልነገረኝም፤ በሕልሜ ነው ያየሁት።»

በጀርባው በር ወጣች። ባዶ እጅ ዝክር ቤት አይገባምና ከጥጉ ሱቅ በሰባት መቶ ዲናር አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን፣ በሦስት መቶ ደግሞ የተፈጨ ቡና ገዛች። ሻጩ «ከረጢት ይፈልጋሉ?» ሲል ክርኗን አየና ሳያስከፍል ከረጢት ጨመረላት። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ኮረዳ ቦታ ለቀቀችላት፤ ስታሜንካ አልቀመጥም አለች፣ መነሳቱ ከመቆሙ ስለሚከብዳት ነው እንጂ ኩራት አይደለም። ኩራቱም ቢሆን ነበረ። ኒሻቫ ወንዝ ላይ ጉም ተኝቷል። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲገባ ጨርቁ ውስጥ አጥንቶቿ እርስ በርስ ሲተዋወቁ ይሰማታል። ስልኳ ጮኸ፤ ባኔ ነው። በግራ እጅ ስልክ አውጥቶ ማንሳት ያስቸግራል ብላ ተወችው። እውነትም ያስቸግራል።

መድኃኒት ቤቱ ያለበት ሕንፃ አሳንሰሩ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። አራት ፎቅ ወጣች። ሁለተኛው ላይ አረፈች፣ ሦስተኛው ላይ ሚካኤልን አንድ ሁለት ነገር ተናገረችው። አራተኛው ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ የተጠበሰ ዓሣና የሰም ሽታ ይወጣል። ዓርብ ስለዋለ ገበታው የጾም ነው። አንድ ረጅም፣ ራሰ በራ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው የአረቄ ትሪ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ በዝክሩ ቀን አባወራ አይቀመጥምና ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመ እግሩ ይናገራል።

«እንኳን አደረሰህ፤ ሚካኤል ያኑርህ» አለች ስታሜንካ፣ ከረጢቱን እየዘረጋች።

«አብሮ ያድርሰን! ይግቡ፣ ይግቡ» አለ ዶክተር ራድሚሎ። የሚስቱ አክስት መሰለችው። ሚስቱ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻትና የባሏ የገጠር ዘመድ መስላት በጣም በትሕትና ካፖርቷን ተቀበለቻት። በዚህ ዓይነት ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ስታሜንካ መስኮቱ ሥር፣ ነጭ የገበታ ልብስ ፊት፣ አሥራ አንድ ከሚሆኑ ሰዎች መሀል ተቀመጠች። የዝክሩ ዳቦ ላይ የተተከለው ጧፍ ይነዳል። ከግድግዳው ላይ ሚካኤል ሰይፉን በቀኝ እጁ ይዞ ያያታል። እሱ ምን አለበት፣ ክርኑ ደህና ነው።

ወዲያው የዶክተሩ እናት እሜቴ ዴሳንካ የተቀቀለውን የዝክር ስንዴ በትሪ ይዘው መጡ። ከጎኑ ሁለት ብርጭቆ አለ፤ አንዱ ውስጥ ንጹሕ ማንኪያዎች፣ ሌላው ውስጥ የተቀመሰባቸው። ወጉ ይታወቃል፤ የመጣው ሰው ተነስቶ ያማትባል፣ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንግዳ የሚባለው። ከጠረጴዛው ራስ የተቀመጡ አንድ አጎት፣ «ለሚካኤል ስንዴ አይቀቀልም ብዬ በየዓመቱ እናገራለሁ፤ ሕያው ነው፣ አልሞተም» ሲሉ፣ እሜቴ ዴሳንካ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ስንዴው ለሚካኤል አይደለም፣ ይህን ቤት ለሠሩት ሙታን ነው፤ አንተም በየዓመቱ ትናገራለህ፣ በየዓመቱ ሦስት ማንኪያ ትበላለህ» አሏቸው።

ስታሜንካ ተነሳች። ቀኝ እጇ አልተነሳም። ጣቶቿ ከጨርቁ ጫፍ ወጥተው ሰማያዊ ሆነዋል፤ ወደ ግንባሯ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። ሞከረች። ላቧ ግንባሯ ላይ ወጣ። ወሬው ቆመ።

«በግራሽ ውሰጂ ልጄ» አሉ እሜቴ ዴሳንካ ለስለስ ብለው። «ሚካኤል አይቀየምም።»

«ሚካኤል ላይቀየም ይችላል፤ እኔ እቀየማለሁ» አለች ስታሜንካ። «በግራ እጄ አማትቤ አላውቅም። ይቆይልኝ።» ተቀመጠች።

በዚህ አገር የዝክር ስንዴ ይቆይልኝ ያለ ሰው የለም። ዶክተር ራድሚሎ ትሪውን ይዞ እንደቆመ፣ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትቶ ክንዷን አየ። የአክስት ነገር ከዓይኑ ጠፋ።

«ይህን ግማሽ ጄሶ ማን ነው ያሰረው?»

«ያንተ ሆስፒታል።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ሰኞ ሙሉ ጄሶ ሊያደርጉኝ ነው። ሪሞት እንድይዝ።»

«እትዬ…» አለና ስሟን እንደማያውቅ ገባው፤ ነገረችው። «እትዬ ስታሜንካ፣ ዛሬ ሐኪም አይደለሁም። ሚካኤሌ ነው። ሰኞ ይምጡና…»

«ሐኪሙ ጋ መች መጣሁ? ሐኪሙ ጋማ ከበር ጸሐፊ አለች፣ ከጸሐፊዋ በፊት ቀጠሮ አለ፣ ከቀጠሮው በፊት ልጄ አለ። እኔ የመጣሁት አባወራው ጋ ነው። አባወራ እንግዳውን አይመልስም።» ከቦርሳዋ ሲዲውን አወጣችና በተጠበሰው ዓሣና በሰላጣው መካከል አስቀመጠችው።

ዶክተሩ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ጣራውን አየች፤ ከዚያ ተነስታ ኮምፒውተር አመጣች። ቦሎቄውን ወደዚያ፣ በጎመን የተጠቀለለውን ሩዝ ወደዚህ ገፋ ገፋ አደረጉና የስታሜንካ ክርን በዝክር ገበታ ላይ በራ። አሥራ አንዱም ሰው አንገቱን አሰገገ። እስከዛሬ ድረስ ክርኗን ያላሳዩዋት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን አብረዋት የማያዩት አልቀሩም።

«ይቺ ናት የወለቀችው?» አሉ አጎትየው። «ይሄማ ምን አለው፣ ፒሮት ከተማ አንድ ወጌሻ አለ፣ በቅቤ አሽቶ…»

«አጎቴ፣ ጉልበትህን ያሸህ እሱ አይደለም?» አለ ዶክተሩ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል። «እሱ ካሸህ ወዲህ ሠርግ ቤት የምትጨፍረው ተቀምጠህ ነው። ክርን ከታሸ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሥጋው ውስጥ አጥንት ያበቅላል።»

ከዚያ ለአጎትየው ሳይሆን ለእሷ ተናገረ። ቀርቦ፣ ቁጢጥ ብሎ፤ መቀመጥ ስለማይችል። ክርን ቅናተኛ ነገር ነው አላት። ለሦስት ሳምንት ዝም ብለህ ብትተወው ይቆለፋል፤ ቁልፉንም ይውጠዋል። የእሷ ደግሞ አንድ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነው። መዳፍን የሚያገላብጠው አጥንት አናቱ ደቅቋል፣ ሦስት አራት ቦታ፤ ይህ በብሎን አይያዝም፣ ወጥቶ በብረት ይተካል። ከፊት ለፊት ደግሞ ክርኑ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ የምትይዘው ትንሽ የአጥንት ምላስ ተቆርጣለች፤ እሷ በክር ትታሰራለች። ከጎን የተበጠሰው ጅማት ተመልሶ ይሰፋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው እንድታርፍበት አይደለም፤ በሁለተኛ በሦስተኛው ቀን እንድታንቀሳቅሰው ነው። «ጄሶ የሚያሳርፍዎ ነው፤ እኔ ግን አላሳርፍዎትም። ታለቅሳላችሁ፣ እርስዎም ክርንዎም። አራት አምስት ወር። በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ ላይዘረጋ ይችላል። ነርቭም አለ አጠገቡ፤ ትንሹ ጣትዎ ሊደነዝዝ ይችላል።» ከዚያም በሦስት ቀን ውስጥ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቃት። «በዚህ እጅ ምን ይሠራሉ?»

ስታሜንካ ወደ ገበታው ዞረች። ፊቷ የሽንኩርት ቡሬክ አለ፤ በግራ እጇ አንድ ስስ የሊጥ ቅጠል ከላዩ ገለጠችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። «ይህን ማን ነው የዘረጋው?»

«ከሱፐርማርኬት ነው የገዛነው» አለች የዶክተሩ ሚስት፣ ጆሮዋ ቀልቶ።

«ያስታውቃል። ማሽን ነው። ማሽን ሁሉን እኩል ይገፋል፤ መሀሉ ቆዳ ይሆናል፣ ዳሩ ወረቀት።» ቅጠሉን መለሰችው። «እኔ የምሠራው ይህ እንዳይሆን ነው። አርባ አራት ዓመት።»

ማንም አልሳቀም። እሜቴ ዴሳንካ ግን ምራታቸውን ገረፍ አድርገው አዩአት፤ ይህን ነገር ለዓመት የሚበቃ ስንቅ አድርገው እንደያዙት ግልጽ ነበር።

በዚህ መሀል በር ላይ እግር ተሰማ። ባኔ ነው፤ አራቱን ፎቅ ሮጦ ወጥቶ ያለከልካል። ቦሳ አልተናገረችም ማለት አይቻልም። አፉን ሊከፍት ሲል ዶክተር ራድሚሎ የአረቄ ትሪውን ፊቱ አቀረበለት፤ እሜቴ ዴሳንካም ስንዴውን። ለጥል የመጣ ሰውም ቢሆን ወጉን አይዘልም። ባኔ በቀኝ እጁ አማተበ፣ በቀኝ እጁ ማንኪያ አነሳ፣ ቀመሰ፣ የተቀመሰበትን ብርጭቆ ውስጥ ከተተ። ምንም አልቸገረውም፤ ሰው ሁሉ እንደማይቸግረው። ስታሜንካ ከማንኪያው እስከ አፉ ያለውን መንገድ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ዓሣ ቀረበለት። እናትና ልጅ በማያውቁት ሰው ገበታ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳህን ሳህናቸውን አዩ። አጎትየው ስለ ቤንዚን ዋጋ ጀምረው፣ የሚደግፋቸው አጥተው ተዉት።

«ቤቱን ሁሉ ፈለግሁሽ» አለ ባኔ በመጨረሻ፣ ለዓሣው።

«ምንም የማትሠራ ሴት የት ትሄዳለች?»

ባኔ ሹካውን አስቀመጠ። «ሰምተሽ ነው።» ወደ እሷ ዞረ። «እማዬ፣ አባዬ ለሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነበር የገባው። ማደንዘዣ ብለው አስተኙት፣ ልቡ አልነሣም አለ። ያን በር ሳየው…» ቃሉን አልጨረሰውም። ከቀብሩ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ይህን ሲል ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። በቀኝ እጇ ጭንቅላቱን ልትነካው ቃጣት፤ ክርኗ እምቢ አለ።

«አባትህ ሰው ይለምነው ነበር እንጂ ሰው አይለምንም ነበር፤ ዶክተሩንም አልጠየቀውም» አለች። «እኔ ጠይቄያለሁ። ልቤንም ከመግባቴ በፊት ይዩልኝ። አንተ ፈርተህ እኔን ጄሶ ውስጥ አትቀብረኝም።»

ዶክተር ራድሚሎ እንደቆመ ስልኩን አወጣ። ገበታው ሁሉ ወጣቱን ተረኛ ሐኪም የሰማው በአንድ ወገን ብቻ ነው። «አዎ፣ ከሦስተኛው ክፍል የወጣችው። አውቃለሁ ወጥታለች፤ እኔ ቤት ናት። አይ፣ ዘመዴ አይደለችም። ምን ታደርጋለች? ቡሬካችንን እየሰደበች ነው… ስማኝ፣ ሰኞ የመጀመሪያዋ ተራ ላይ አስገባት። የልብ ምርመራ እሑድ ይሠራላት። የሲቲ ምስሉንም አዘጋጅልኝ። ለብረቱ እኔ እደውላለሁ።» ዘጋውና ወደ እሷ ዞረ። «ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት። ከእሑድ እኩለ ሌሊት በኋላ ምግብም ውሃም የለም። ባይሳካ ይወቅሱኛል፣ ቢሳካም ይረግሙኛል፤ ጂምናስቲኩ ክፉ ነው።»

«እርግማኑን አሁን ልጀምርልህ?»

«ዓሣዎን ይጨርሱ መጀመሪያ።»

ዓሣዋን በግራ እጇ፣ እያንጠባጠበች፣ እስከ አጥንቱ ጨረሰች። ወደ በሩ ስትሸኝ እሜቴ ዴሳንካ ስንዴውን ይዘው እንደገና ቀረቡ፤ አሁንስ አይሆንም ወይ ብለው ሳይሆን፣ ስንዴ ያልቀመሰ እንግዳ ከቤታቸው ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። ስታሜንካ ትሪውን ተመለከተች። በግራ እጇ ከንጹሖቹ ማንኪያዎች አንዱን መዘዘች፤ ስንዴውን አልነካችም፤ ማንኪያውን በናፕኪን ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ልጄ፣ ይሄ የአማቴ ብር ነው፤ ደርዘን ነው» አሉ እሜቴ ዴሳንካ ደንግጠው።

«ለዓመቱ ሚካኤል አሥራ ሁለተኛውን ይዤልዎት እመጣለሁ። በቀኜ ይዤ፣ በቀኜ አማትቤ። ያኔ እቀምሳለሁ። እስከዚያ አሥራ አንድ ማንኪያ ይበቃችኋል።»

እሜቴ ዴሳንካ ልጃቸውን አዩት። ዶክተር ራድሚሎ፣ አንድ ቀን ሙሉ የቆመ ሰው ትከሻውን እንደሚጥለው ትከሻውን ጣለ። «እማዬ፣ መያዣ ወስዳብኛለች፤ እንግዲህ መሥራት ነው» አለ።

ደረጃውን ሲወርዱ ባኔ ግራ እጇን ያዘላት፤ ከዚያ ግራ እጇ አሁን ያላት እጅ ብቻ መሆኑ ትዝ አለውና ለቅቆ በወገቧ ደገፋት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ «ምንድን ነው የሚንኳኳው ቦርሳሽ ውስጥ?» አለ። ማንኪያውን ስትከት ግን አይቷት ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፉ። የደረጃው መብራት ጠፋ፤ ባኔ ግድግዳውን ዳብሶ መልሶ አበራው።

«እማዬ፣ ሰኞ ቅጹን እንደገና መሙላታቸው አይቀርም» አለ። «ሥራ ሲሉኝ…»

«አንተ ዝም ትላለህ» አለች ስታሜንካ፣ ቀጣዩን ደረጃ በእግሯ እየፈለገች። «እኔ እናገራለሁ። የተሰበረው ክርኔ ነው፤ አፌ አይደለም።»